ከአይሱዙው ፊት የነበረችው ሴት

አሰፋሽ ይመር ጅቡቲ ከተማ፣ አምቡሊ ሰፈር ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም በማይርቅ አንድ ቤት፣ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከባለሱቅ ጋር ስትጨቃጨቅ ያያት፣ መንገድ ላይ ጮክ ብላ ስትስቅ የሰማት የለም። ስትፈጠር ዝምተኛ ሆና አይደለም። ከሚሴ ሳለች ሠርግ ቤት ዘፈን የምታወጣው፣ ገበያ መሃል ድምጿ ከሩቅ የሚለየው እሷ ነበረች። ዝምታን ያስተማራት ጅቡቲ ነው። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ፖሊስ የቆመበትን መንገድ ይዞራል፣ ሰው ሲሰበሰብ ይሸሻል፣ ሲበድሉትም «ይቅር» ብሎ ያልፋል። አሰፋሽ ይህን ኑሮ በደንብ ተክናበት ነበር።

የመጣችው ለመቅረት አልነበረም። በሃያ አራት ዓመቷ፣ የአራት ዓመት ልጇን ሀዊን ለእህቷ ትታ፣ እንደ ብዙ የአገሯ ልጆች ደላላ ተከትላ ወደ የመን ልትሻገር ተነሣች። ኦቦክ የባሕር ዳርቻ ላይ ጀልባ ሲጠብቁ ወባ ጣላት። አብረዋት በእግር የተጓዙት ሲሳፈሩ ደላላው «አንቺ በሚቀጥለው» ብሏት ሄደ፤ በዚያው ቀረ። አንዲት የአፋር ሴት የፍየል ወተት እያጠጣች አስታማ ወደ ከተማ በሚሄድ መኪና ላይ አሳፈረቻት። ከተማ በገባች በአሥረኛው ቀን ማዳም ካድራ ቤት ተቀጠረች። ማዳም ካድራ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ያኔ ባሏ በቅርቡ ሞቶባት ሁለት መንታ ሕፃናት ታቅፋ ግራ የገባት ሴት ነበረች። መንታዎቹን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች አሰፋሽ ናት። ማዳም በየዓመቱ «ዘንድሮ ወረቀትሽን እናወጣለን» ትላለች፤ ዓመቱ ግን እንዲሁ ያልፋል።

አደጋው የደረሰው በመስከረም፣ አንድ እሑድ ጠዋት ነው። ጅቡቲ ውስጥ እሑድ የሥራ ቀን ስለሆነ መንገዱ ገና በአንድ ሰዓት መኪና ይበዛበታል። የሙቀቱ ወራት አላለቁም፤ በዚያን ሰዓት እንኳ አስፋልቱ ከጫማ ሥር ይፋጃል። አሰፋሽ ስድስት ረጃጅም ዳቦ በጨርቅ ከረጢት ይዛ ለመሻገር አንድ ፋርማሲ ፊት ቆመች። ወደ ግራ አየች። አንድ ሚኒባስ አለፈ። ልትሻገር ስትል ስልኳ ጮኸ።

የደወለችው ሀዊ ናት። ሀዊ በዚያ ሰዓት ደውላ አታውቅም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በዚያ ሰሞን እንደሚወጣ አሰፋሽ ታውቅ ነበር። ዓይኗን ስልኩ ላይ ተክላ፣ «አቤት የኔ እናት!» እያለች እስከ መንገዱ መሃል ዘለቀች።

ክላክስ ሰማች። ቀና ስትል አንድ ነጭ አይሱዙ የጭነት መኪና አጠገቧ ደርሷል። ከሾፌሩ ፊት ያየችው አፉን ብቻ ነው፤ ተከፍቶ ነበር። መኪናው ጎማው እየተንጫጫ ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ፤ እሷን በነፋሱ ብቻ ወደ ማዶው ገፍትሮ ጣላት፣ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ዘለለና ከፋርማሲው ግድግዳ ጋር ተላተመ። ግድግዳው ሥር፣ በፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ፣ የፋርማሲው ዘበኛ አዛውንቱ ዓብዱረዛቅ ተቀምጠው ነበር።

ሰው ከየአቅጣጫው ሮጠ። ግማሹ ሽማግሌውን ከመኪናው መከላከያ ሥር ለማውጣት ይታገላል፤ ግማሹ ሾፌሩን ከጋቢናው ጎትቶ አወረደው። «ተኝቶ ነው!» አለ አንዱ በሶማልኛ። «ሌሊቱን ሙሉ ጫት ሲቅም አድሮ ነው!» አለ ሌላው። ሾፌሩ ሸሚዙ ተቀዶ፣ በአማርኛ፣ «ሴትዮ! ሴትዮ ገባችብኝ!» እያለ ይጮኻል። በዚያ ግርግር መሃል ቃሉ የገባው ከአሰፋሽ በቀር ማንም አልነበረም። እሷ ጉልበቷ ተልጦ ከመንገዱ ማዶ ተነሥታ ቆማለች። ዞሮ ያያት የለም። የአሥራ አራት ዓመት ልማዷ እግሯን መራው፤ ዳቦዋን ለቃቅማ፣ አጥሩን ታክካ ቤቷ ገባች።

ከሰዓት በኋላ ለሀዊ መልሳ ደወለች። «እማ፣ አልፌያለሁ!» አለች ልጅቷ፤ ከኋላዋ የአሰፋሽ እህት እልል ስትል ይሰማል። በዚያ ዓመት በትምህርት ቤታቸው ያለፉት ጥቂት ነበሩ። አሰፋሽ «ተባረኪ» አለችና ድምጿ ተቆረጠ። ሀዊ እናቷ በደስታ ያለቀሰች መሰላት።

አርብ የዕረፍት ቀኗ ነው። እንደ ልማዷ ካርቲየ 2 ሰፈር ወዳለችው ጓደኛዋ ወደ ሻሼ ሄደች። ሻሼ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ በጠባቧ ምግብ ቤቷ የኢትዮጵያ ሾፌሮች፣ የቤት ሠራተኞች፣ መንገደኞች ይበላሉ፤ የከተማው ወሬም መጀመሪያ እዚያ ይደርሳል።

«ያን የአምቡሊውን ልጅ ነገር ሰማሽ?» አለች ሻሼ፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች። «ባንቲሁን ይባላል። ከነፃ የንግድ ቀጠናው ዘይትና ሩዝ ጭኖ እዚህ ለነጋዴዎች የሚያደርስ ልጅ ነው። ታስሯል። ሚስቱ ኤሌኒ ዛሬ ጠዋት እዚህ ነበረች፤ ሆዷ ገፍቶ፣ ዘጠኝ ወሯ ገብቷል። ሽማግሌው እግራቸው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። የመኪናው ባለቤት ደግሞ እጁን ታጥቦ ‹ተኝቶ ነው፣ እኔን አትንኩኝ› ይላል።»

«እሱስ ምን ይላል?»

«‹ሴትዮ ገባችብኝ› ይላል። የትኛዋ ሴትዮ? የተጠየቀው ሰው ሁሉ ሴት አላየንም ብሏል። መርማሪዎቹም ምክንያት ፈጠረ ብለው ይዘውታል።»

አሰፋሽ መቀመጫዋ ላይ ወደፊት ጎበጥ አለች። «እኔ ነኝ» አለች።

ሻሼ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ወደ በሩ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሁለተኛ እንዳትደግሚው። ወረቀት የለሽም እኮ! ፖሊስ ጣቢያ በእግርሽ ትገቢያለሽ፣ በመኪና ድንበር ትሸኚያለሽ። ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ አይደለም እንዴ? በምን ልታስተምሪያት ነው?»

«እሱም ልጅ ሊወለድለት ነው» አለች አሰፋሽ።

ከዚያ በኋላ ሻሼ ብዙ ተናገረች። የምትለው ሁሉ እውነት መሆኑን አሰፋሽ ታውቃለች፤ ስለዚህ አልተከራከረቻትም። የበላችበትን ሳህን አጥባ ወጣች።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደች። በመጀመሪያ የበደልኩት እሳቸውን ነው ብላ ስላሰበች፣ ከፖሊስ በፊት ዓብዱረዛቅን ለማየት ቆረጠች። ሽማግሌው ቀኝ እግራቸው በጀሶ ታስሮ ተንጋለዋል። ሾርባና ብርቱካን ይዛ ነበር። ሶማሌዎች ታላቅ ሰው ሲጠሩ እንደሚሉት «አዴር» ብላ ሰላምታ ስትሰጣቸው፣ አነጋገሯን ሰምተው በአማርኛ መለሱላት።

«ሐበሻ ነሽ? ነይ፣ ተቀመጪ። እኔ ድሬዳዋ አሥራ አንድ ዓመት ባቡር ጠግኛለሁ። አማርኛዬ ዝጓል እንጂ ይሠራል።»

ሾርባውን በማንኪያ እያጎረሰቻቸው ስለ ድሬዳዋ አጫወቷት፤ ስለ ጋራዡ፣ ስለ ከዚራ ሰፈር ዛፎች፣ ስለ አንድ ፈረንሳዊ አለቃቸው። ሳህኑ ባዶ ሲሆን «ግን ማን ላከሽ?» አሏት።

«ማንም አልላከኝም፣ አዴር። ሾፌሩ ‹ገባችብኝ› የሚላት ሴት እኔ ነኝ። ስልኬን እያየሁ መንገዱ ውስጥ ገባሁ። እሱ እኔን አድናለሁ ብሎ እርስዎን ጎዳ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ማራገቢያ አነሡ።

«ልጆቼ ሾፌሩ ተኝቶ ነበር ብለውኝ ከስሼዋለሁ» አሉ። «ግን ክላክሱን ሰምቻለሁ። የተኛ ሰው እንዴት ክላክስ ያደርጋል ብዬ አስቤ ነበር። እግሬ ሲያመኝ ያን ሐሳብ ተውኩት። አንድ ሰው ላይ መናደድ ፈልጌ ነበር።»

«በእኔ ይናደዱ።»

«ተናድጃለሁ» አሉ፣ ድምጻቸውን ሳያነሡ። «ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ይህ እግር እንደ ድሮው አይሆንም። ግን ስሚኝ አንቺ ልጅ። ለእኔ ብቻ ነግረሽ ከሄድሽ ሸክምሽን እኔ አልጋ ላይ አራግፈሽ መሄድሽ ነው። ለሚመለከተው ሄደሽ ንገሪ።»

የከበዳት የሚቀጥለው ነበር። ማዳም ካድራ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ሳለ አሰፋሽ ፊቷ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት። ማዳም እስክሪብቶዋን ጣለችው።

«አሰፋሽ፣ ያለ ፈቃድ ሠራተኛ አኑራለች ብለው እኔንም ይቀጡኛል። አስተማሪ ነኝ፤ ስሜ ፖሊስ ጣቢያ ሲነሣ ይታይሽ። ልጁ ጠበቃ ይገዛለት፣ እኔም እረዳዋለሁ። አንቺ ግን አትሂጂ።»

«ማዳም፣ ጠበቃው አላየም። ያየሁት እኔ ነኝ። የእርስዎን ስም ግን አላነሣም።»

በማግስቱ ልብሷን በአንድ ሻንጣ ከተተች። መንታዎቹ ትምህርት ቤት እስኪሄዱ ጠበቀች፤ ቁርሳቸውን አበላቻቸው፣ ቤቱን ጠረገች፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ማታውን ደውላ ነግራት ስለነበር ሻሼ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ጠበቀቻት። ያን ያህል የተቃወመችው ሻሼ ምግብ ቤቷን ዘግታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መጥታለች። «ሶማልኛሽ የወጥ ቤት ነው» አለቻት። «የሕጉን እኔ አስተረጉምልሻለሁ።»

ጉዳዩን የያዘው መርማሪ ዓብዱልጀሊል የሚባል፣ ጢሙን በጥንቃቄ የሚቆርጥ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። መጀመሪያ የሾፌሩ ዘመዶች ገንዘብ ከፍለው ያመጧት መሰለው።

«የዚያን ዕለት ለምን አልቀረብሽም?»

«ፈራሁ።»

«አሁንስ አትፈሪም?»

«አሁንም እፈራለሁ» አለች አሰፋሽ።

መርማሪው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ስልኳን ጠየቃት። የሀዊ ጥሪ እዚያው ተመዝግቦ ነበር፤ እሑድ፣ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። የአደጋውን መዝገብ ገልጦ አስተያየው። ፋርማሲው ለእርዳታ የደወለው አንድ ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ ነው። የተላጠ ጉልበቷን አሳየችው። የቆመችበትን፣ የወደቀችበትን፣ መኪናው መዞር የጀመረበትን ቦታ በወረቀት ላይ እንድታሳይ አደረገ። ያሳየችው፣ ፖሊሶች አስፋልቱ ላይ ከለኩት የጎማ ጭረት ጋር ልክ ገጠመ። እሷ ያንን ልኬት ልታውቅ የምትችልበት መንገድ አልነበረም።

«አድራሻሽ?» አለ፣ መጻፍ ሲጀምር።

«አድራሻ የለኝም።»

«የት ነው የምትሠሪው?»

ዝም አለች። ዓብዱልጀሊል የመኖሪያ ፈቃድ ጠየቀ፤ እሱም የለም። «እንግዲያው ልለቅሽ አልችልም» አለና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጣት። እዚያ አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። ሻሼ ውሃ እየገዛች አጠገቧ ዋለች። አሰፋሽ በዚያ ወንበር ላይ ስለ ልጇ የትምህርት ወጪ አሰበች፣ ስለ መንታዎቹ ምሳ አሰበች፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ከግድግዳው ማዶ የሆነ ቦታ ታስሮ ስለተቀመጠው ሰው አሰበች። ተጸጸትሽ ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች። አልተጸጸተችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዳም ካድራ ገባች። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ጠመኔ እጇ ላይ አልተራገፈም። አሰፋሽን አላየቻትም፤ ቀጥታ ወደ መርማሪው ጠረጴዛ ሄደች።

«የዚህች ሴት አድራሻ የእኔ ቤት ነው» አለች። «አሥራ አራት ዓመት። ወረቀት የሌላት የእሷ ጥፋት ሆኖ አይደለም፤ የእኔ ስንፍና ነው። ቅጣት ካለ እኔ ላይ ጻፉ።»

በዋስትናዋ አስፈታቻት። በታክሲ ወደ ቤት ተመለሱ። በር ላይ ሲደርሱ ማዳም ሻንጣዋን ራሷ አነሣችና «መንታዎቹ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ሲያዩ ደውለው አልቅሰው ገደሉኝ» አለች። ይቅርታ የጠየቀችው በዚህ ብቻ ነው፤ ለአሰፋሽ በቂ ነበር።

ፍርድ ቤቱ የተሰየመው ከአደጋው በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ዓብዱረዛቅ በልጃቸው ተደግፈው በተሽከርካሪ ወንበር መጡ። ባንቲሁን በፖሊስ ታጅቦ ገባ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ጉንጩ ጎድጉዷል። አሰፋሽ የመሰከረችው ቆማ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ነው። ዳኛዋ ሁለት ጊዜ «ይህን ስትናገሪ በራስሽ ላይ እየመሰከርሽ መሆኑን ተረድተሻል?» ብለው ጠየቋት። ሁለት ጊዜም «አዎ» አለች።

ጥፋቱ የእሷ ብቻ አልነበረም። ባንቲሁን ሲጠየቅ ከተፈቀደው በላይ ይነዳ እንደነበር አልካደም፤ የጠዋቱ መጨናነቅ ሳይዘው ጭነቱን ለማድረስ ቸኩሎ ነበር። መኪናውን የመረመረው ባለሙያም የኋላ ጎማዎቹ ፈጽሞ ያለቁ እንደነበሩ መሰከረ። ባንቲሁን ጎማው ይቀየር ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆ እንደነበር የባለቤቱ ጸሐፊ አመነ። ጎማው ቢይዝ ኖሮ መኪናው ግድግዳው ጋር ሳይደርስ ሊቆም ይችል ነበር። እሑድ ጠዋት ሁሉም «ተኝቶ ነው» ያለው ነገር፣ በቀስታ ሲፈታ፣ የሦስት ሰው ጥፋት ሆኖ ወጣ።

ዓብዱረዛቅ እንዲናገሩ ሲፈቀድላቸው በሶማልኛ አጭር ነገር ተናገሩ። «ልጁን ከስሼው ነበር። በመተኛቱ የከሰስኩትን አንሥቻለሁ፤ አልተኛም። ለፍጥነቱ ሕጉ የሚለውን ይበል።» ልጃቸው በቁጣ ሊናገር ሲነሣ በእጃቸው ጎትተው አስቀመጡት።

ባንቲሁን በፍጥነቱ ተቀጥቶ፣ መንጃ ፈቃዱ ለስድስት ወር ታግዶ፣ ከእስር ተፈታ። የመኪናው ባለቤት ባለቀ ጎማ መኪና በማሠማራቱ ተቀጣ፤ የሽማግሌው ሕክምናና ካሣ በኢንሹራንስ ተሸፈነ። አሰፋሽ ባለመጠንቀቋና ከቦታው በመሄዷ የገንዘብ መቀጮ ተጣለባት። የመኖሪያዋ ጉዳይ ወደሚመለከተው ቢሮ ተመራ። ሰባት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ማዳም ካድራ ሰባቱንም ጊዜ አብራት ቆማለች፣ ሁለቴ ክፍሏን ለሌላ መምህር አስይዛ። ፈቃዱ በጥር ወጣ። በመሃል ያሉት አራት ወራት አሰፋሽን አከሷት፤ በር በተንኳኳ ቁጥር የምትሄድበት ቀን የደረሰ ይመስላት ነበር።

ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ከልጇ ደብቃለች። ፖሊስም ፍርድ ቤትም የደወለው ማን እንደሆነ በስልኩ አይተዋል። ለሀዊ ግን ያ የደስታ ጥሪዋ ምን እንዳስከተለ እስከ ዛሬ አልነገረቻትም። ሀዊ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እርሻ ታጠናለች። «የደወለችው ልጄ ናት፣ ያየሁት ግን እኔ ነኝ፤ መንገድ ላይ ስልክ ያየሁት እኔ» ትላለች፣ ሻሼ ለምን እንደማትነግራት ስትጠይቃት።

አዛውንቱ ዓብዱረዛቅ በክራንች መሄድ ጀምረዋል። የቀኝ እግራቸው ትንሽ አጥሯል፤ ወደ ፋርማሲው ሥራ አልተመለሱም። አሰፋሽ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ትሄዳለች። ልጃቸው መጀመሪያ ላይ በር ሲከፍትላት ሰላምታ አይሰጣትም ነበር። አሁን ሰላም ይላታል፤ ከዚያ አይዘልም፣ እሷም ከዚያ በላይ አልጠበቀችም። ሽማግሌው አማርኛቸውን ያድሳሉ፣ እሷ ልብሳቸውን ትተኩሳለች፤ የተናደዱ ቀን ይናደዱባታል፣ እግራቸውን ሲቆረጥማቸው። ትሰማቸዋለች።

ባንቲሁንን ከፍርድ ቤቱ በኋላ ለብዙ ጊዜ አላየችውም። አንድ አርብ ሻሼ ቤት ስትገባ ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። አጠገቡ ሚስቱ ኤሌኒ እሱ ታስሮ ሳለ የተገላገለችውን ሴት ልጅ ታቅፋለች። አሰፋሽ ልትመለስ ዞረች። «ነይ፣ ተቀመጪ» አለ ባንቲሁን። ሻሼ እጇ ውስጥ ያለውን ሳህን እንደያዘች ቆመች።

«ልቆጣሽ ነበር የመጣሁት» አለ። «ሥራዬን አጥቻለሁ። ልጄ ስትወለድ አልነበርኩም። መንገድ ላይ የምልሽን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።»

«ተቆጣ» አለች አሰፋሽ። «መብትህ ነው።»

ባንቲሁን ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ብርጭቆ በጣቱ አዞረው። «እስር ቤት ውስጥ ሁሉም ‹ሴት አልነበረችም፣ ተኝተህ ነው› ሲሉኝ፣ ሳምንት ሳይሞላ እኔም ማመን ጀመርኩ። ምናልባት እውነት ተኝቼ ነበር፣ ሴትዮዋን በሕልሜ ነው ያየኋት አልኩ። ሰው ገድዬ ቢሆን ኖሮም የማላውቅ፣ በራሴ ዓይን የማልታመን ሰው የሆንኩ መሰለኝ። መርማሪው መጥቶ ‹ሴትዮዋ መጣች› ሲለኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት ምን እንደለበሰች ነው። ሰማያዊ ሻሽ ነበር ያየሁት።»

«ሰማያዊ ነበር» አለች አሰፋሽ።

«እሱም የሰጠሽውን ቃል አይቶ ሰማያዊ ነው አለኝ።» ዓይኑን ጠረገ። «ቁጣዬ አለ፤ አልዋሽሽም። ግን አእምሮዬን መልሰሽልኛል። ይህን ሳልነግርሽ መቅረት አልፈለግሁም።»

ኤሌኒ አንድ ቃል ሳትናገር ሕፃኗን አሰፋሽ ጭን ላይ አስቀመጠቻትና እጇን ልትታጠብ ተነሣች። ሻሼ ትልቅ ትሪ አቅርባ አራቱም አብረው በሉ። ባንቲሁን ነፃ ቀጠናው ውስጥ መጋዘን ዕቃ ማንሣት ጀምሮ ነበር፤ የከሰዓት ተረኛ ስለሆነ ኤሌኒን እዚያው ትቶ ቶሎ ተነሣ። አሰፋሽ ሕፃኗ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ስለነበር፣ እንዳትቀሰቅሳት ፈርታ፣ እስኪመሽ ድረስ ሳትንቀሳቀስ ተቀምጣ ዋለች።